በር አጠገብ የሚቀመጥ ሰው

እኔ ቁጡ ነኝ። ይህን ሐይቅ ከተማ ውስጥ ልብስ ያሰፋ ሁሉ ያውቃል። ያን ጊዜ ለስፌት ቤታችን ትዕግሥት ያለው ሰው ነበር የሚያስፈልገው፤ አልተገኘም፣ የተገኘሁት እኔ ነኝ።

ለውጥ መጣ በተባለበት ሰሞን ተደራጁ ሲሉን የተደራጀን ሴቶች ነን። ከደሴ ወልዲያ በሚወስደው አስፋልት ዳር አንዲት ክፍል ተሰጠችን፤ ዩኒፎርም እንሰፋለን፣ ቀሚስ እናሳጥራለን፣ ሊቀመንበሯ እኔ ነኝ። ጦርነቱ ሐይቅ ገብቶ ሲወጣ ክፍሏን ባዶዋን አስቀርቷት ሄደ። ከዘመድ ከወዳጅ ለምነን አሮጌ የስፌት መኪኖች ሰበሰብንና ዳግም ስንጀምር ሐሳባችን ሁሉ አንድ ነበር፦ ሁለተኛ እንዳንዘረፍ። የጓሮውን መስኮት በብሎኬት ደፈንነው። የላሜራውን በር ቀኑን ሙሉ ከውስጥ በሰንሰለትና በጓጉንቸር እንቆልፋለን፤ ደንበኛ ሲያንኳኳ ማን እንደሆነ ጠይቀን እንከፍታለን። መኪኖቹን መብራቱ ባለበት በውስጠኛው ግድግዳ ደርድረናቸው ስለነበር ሁላችንም ጀርባችንን ለበሩ ሰጥተን ነው የምንሰፋው። በሩ በተንኳኳ ቁጥር አንዷ ጣቷን ትወጋለች። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባል የለ? እርስ በርሳችን "አብሽሪ፣ ደንበኛ ነው" እየተባባልን እንቀጥላለን።

ቁልፉን የሚይዙት በዕድሜ ታላቃችን የሆኑት እትዬ ነበሩ። እሳቸው ክርስቲያን ናቸው፣ እኛ አብዛኞቻችን ሙስሊም ነን፤ ይህ እኛ ዘንድ ወሬ አይሆንም። ቁልፉ በመቀነታቸው ታስሮ ነው የሚውለው፤ ለሰው አይሰጡትም።

አንድ ቀን የሩቅ ዘመዴ የሆነች ሴት ከውጫሌ ልጇን ይዛ መጣች። ልጅቱ ከዐረብ አገር የተመለሰች ናት፤ ስፌት እዚያም ሠርታለች፣ እጇ ቀጥ ያለ ነው። እናቷ ወደ ጎን ወሰደችኝና "ደላላው ከደጄ አልጠፋም። እዚህ ሥራ ካልያዘች በጅቡቲ በኩል ትሄድብኛለች። ባለፈው የመጣችልኝ በአላህ ሥራ ነው፣ አሁን ከሄደች ግን አላገኛትም" አለችኝ። ፊቷ ላይ ያየሁት ፍርሃት ዛሬም አይረሳኝም። ኢንሻአላህ፣ እኔ አለሁ አልኳት። ልጅቱ ሐይቅ አክስቷ ቤት አርፋ ሥራ ጀመረች።

እንግዳ እንደሚከበር አከበርናት። እኛ አገር ሰው ሲመጣ "ዝለቂ፣ ወደ ውስጥ ዝለቂ" ይባላል፤ በር አጠገብ የሚቀመጥ ወይ ለማኝ ነው ወይ የሚቸኩል ነው። ከመኪኖቹ የተሻለውን ሰጥተን ከክፍሉ ሁሉ ጥልቅ ወደሆነው ጥግ አስገባናት፤ የተደፈነው መስኮት ሥር። እሷም "ኧረ እዚህ ይበቃኛል" ስትል ይሉኝታ መስሎን እየጎተትን አዘለቅናት። እንግዳ አንድ ሁለቴ እንቢ ማለቷ ያለ ነው ብለን።

ከዚያ በኋላ ሥራዋ ተበላሸ። እናቷ የነገረችኝ ቀጥ ያለ እጅ የት እንደገባ እንጃ፤ የምትሰፋው ኮሌታ ተጣሞ ይወጣል፣ ላቧ በፊቷ ይወርዳል፣ እየደጋገመች ሽንት ቤት ልሂድ ትላለች፤ እትዬም በየጊዜው ተነሥተው መክፈት ሰልችቷቸው ያጉረመርማሉ። ሌሎቹ "ዐረብ አገር የኖረ ሰው እዚህ ሥራ ይንቃል" ማለት ጀመሩ። እኔም አንድ ሁለቴ ጮኽኩባት። ቀና ብላ አየችኝና የተጣመመውን ኮሌታ መተርተር ጀመረች፤ የደላላው ነገር ትዝ ሲለኝ ምላሴን ነከስኩ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መብራት ጠፋ። መስኮት የሌለው ቤት እንደሚጨልም ጨለመ፣ መኪኖቹ ቀጥ አሉ። ወዲያው ከደጅ የከባድ መኪኖች ድምፅ ተሰማ፤ ወደ ወልዲያ የሚወጡ ወታደር የጫኑ መኪኖች ነበሩ፣ ግን ከውስጥ ሆነን ማን እንደሆነ በምን እናውቃለን? እትዬ "ዝም በሉ፣ እንዳትንቀሳቀሱ" ብለው በሩን ተደገፉት። ልጅቱ በጨለማው መሐል ወንበር እየገለበጠች መጣች። "ክፈቱልኝ" አለች መጀመሪያ በዝግታ። እትዬ "ተቀመጪ!" አሉ። እሷ እጇን በእሳቸው ትከሻ ላይ አሾልካ ሰንሰለቱን ያዘች፤ እትዬ ገፈተሯት። ያኔ ድምፅዋ ተለወጠ። "ማዳም፣ በአላህ ይዤሻለሁ፣ ማዳም ክፈቺልኝ፣ ሁሉንም ሠርቼ እጨርሳለሁ" ትላለች፤ እትዬን ነው ማዳም የምትላቸው። ሁለቱም ላይ ጮኼ፣ ቁልፉን ከእትዬ መቀነት በግድ ፈትቼ ከፈትኩት።

አስፋልቱ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጠች፣ ጥፍሯ ደምቷል። ዐረብ አገር የሠራችበት ቤት ማዳም ወጥታ ስትሄድ ቆልፋባት ነበር የምትሄደው፤ አንዳንዴ አንድ ቀን፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ፣ ውኃ ሳትተውላት። ይህን ስትነግረኝ ድምፅዋ ውስጥ ለቅሶ የለም፤ እንደደከማት ግን በግልጽ ይታያል። "እትዬን በድያቸዋለሁ፣ ነገ አልመጣም፣ አንቺን ማሳፈር አልፈልግም" አለችኝ። አልመጣም ማለቷ ወዴት እንደሚወስዳት ሁለታችንም እናውቃለን።

ወደ ውስጥ ስገባ እትዬ በሩን እንደተደገፉ ነበሩ። ልቆጣቸው አፌን ስከፍት እሳቸው ቀደሙኝ። "የኛ ቤት በር ክፍት ነበር" አሉ። "ባለቤቴ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ፀሐይ ይሞቅ ነበር። ዘግቼው ቢሆን ኖሮ ሰው የለም ብለው ያልፉ ነበር።" ታጥቀው የመጡት ሰዎች የወሰዷቸውን ባለቤታቸውን እስከ ዛሬ አላገኟቸውም፤ ይህን ሁላችን እናውቅ ነበር፣ የበሩን ነገር ግን ለማንም አልተናገሩም ነበር። አንዷ በሩ ከተከፈተ ትሞታለች፣ አንዷ ከተዘጋ ትሞታለች፤ በሩ ደግሞ አንድ ነው። ተናደድኩ፣ በማን እንደሆነ ግን አላውቅም።

በማግስቱ ሰው መክሮኝ ልጅቱን ዱበርቲዎች ዘንድ ወሰድኳት፤ ተሰብስበው ዱዓ የሚያደርጉ ትልልቅ የሰፈራችን ሴቶች ናቸው። ጂን ነው፣ ቡዳ ነው ያሉም ነበሩ። ታላቋ ዱበርቲ ግን ልጅቱን አዳመጠቻት፣ ዱዓ አደረጉላት፣ ከዚያ ወደኔ ዞራ "ዱዓው ከኛ፤ ቤታችሁን ደግሞ እናንተ አስተካክሉ" አለችኝ። ከዚያ ቤት የወጣሁት ይህንኑ ይዤ ነው።

ቤቱን ማስተካከል የጀመርኩት ልጅቱን በመጠየቅ ነው። ምን ቢሆን ትቀመጫለሽ? አልኳት። "መውጣት እንደምችል ካወቅኩ ቁጭ እላለሁ" አለች። እትዬን ቤታቸው ሄጄ ጠየቅኋቸው፤ ተቀይመውኝ ሥራ አቁመው ነበር፣ ቁልፉን በግድ መፍታቴን አልረሱም። ይቅርታ ስል ደጃፉ ላይ አቆሙኝ፣ ቆይተው አስገቡኝ። "የሚመጣውን በዓይኔ ባየው" አሉ፤ "ያን ቀን ያላየሁት ነው የገደለኝ።"

በያጅ አስመጣሁ። የላሜራውን በር ከመሐሉ ለሁለት ቆረጠልን፤ የታችኛው ይቀረቀራል፣ የላይኛው ክፍት ይሆናል። እትዬ መጥተው አዩና "ግማሽ በር? የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም" ብለው አሽሟጠጡ፤ ግን ወደ ቤታቸው አልተመለሱም። ብሎኬቱን አፍርሰን መስኮቱን ከፈትን፤ ከሐይቁ በኩል ነፋስ ሲገባ ከጨርቁ ላይ ያለው ብናኝ ተነሥቶ ሁላችንንም አስነጠሰን። መኪኖቹን አዞርናቸው፤ ከእንግዲህ ማንም ጀርባውን ለበሩ አይሰጥም። የመብራቱ ገመድ አጥሮ ሌላ መቀጠል ነበረበት፣ እሱም አንድ ሳምንት አጨቃጨቀን።

ከበሩ ግራና ቀኝ ሁለቱ ተቀመጡ፤ እትዬና ልጅቱ። ደንበኞቻችን አፈሩልን። "እትዬን ደጅ አስቀመጣችኋቸው? ነውር አይደለም እንዴ?" ይላሉ። አንዷማ "አዝልቋት እንጂ ልጅቱን፣ ምን በደለቻችሁ" ብላ ተቆጣችኝ። እኔ ማስረዳት ስለማልወድ "ቦታው የእነሱ ነው" እላለሁ። የልጅቱ ኮሌታ ቀና። ሁለቱ ግን አይነጋገሩም፤ ቁልፉም አሁንም እትዬ መቀነት ውስጥ ነው፣ እሱን ሊሰጡ አልፈቀዱም። ልጅቱ በየመሐሉ መቀነቱን ስታየው አያታለሁ። እናቷ እየደወለች "አለች?" ትለኛለች። አለች እላታለሁ፣ ነገን ግን አላውቅም።

ጦርነቱ እንደገና በሰሜን በኩል ተጀመረ ተባለ። ቀትር ላይ ወደ ደሴ የሚወርዱ ሚኒባሶች ሰው ጭነው ማለፍ ጀመሩ፣ ባጃጆች ፍራሽ ጭነው ይበራሉ። ከሰዓት በኋላ ከቅርብ ተኩስ ተሰማ። እትዬ ተነሡ፣ የላይኛውን በር ሳቡ፣ ሰንሰለቱን አጠላለፉ፣ ቆለፉ። ቤቱ ከመስኮቱ በኩል ብቻ ብርሃን ቀረው። ልጅቱ ከወንበሯ አልተነሣችም፣ ግን ከንፈሯ ነጥቷል፣ የስፌት መኪናውን ጠርዝ ጨብጣዋለች። መጥቶብናል አልኩ በልቤ፣ ያው ቀን ተመልሶ መጣ።

እትዬ መቀነታቸውን ፈቱ። ቁልፉን አውጥተው በልጅቱ መዳፍ ላይ አስቀመጡና ጣቶቿን አጠፉላት። "አንቺ ያዥው" አሉ። "የኔ ልጅ፣ ስትፈልጊ ክፈቺው። እኔን አትጠይቂኝ።" ከዚያ መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ።

ተኩሱ ቀጠለ፣ ራቀ፣ ቆመ። ልጅቱ ቁልፉን ጨብጣ ተቀምጣለች። ከብዙ ቆይታ በኋላ "ልክፈተው?" አለች። ልመልስላት ስል እትዬ እጄን ያዙኝ። ማንም አልመለሰላትም። ልጅቱ ተነሣች፣ ጓጉንቸሩን ፈታች፣ የላይኛውን በር ገፋችው። ፀሐዩ ገባ። ወደ ደሴም ወደ ወልዲያም አየች። ትሄዳለች ብዬ ነበር፤ አስፋልቱ ላይ ያለው ሰው ሁሉ እየሄደ ነው፣ መውጫውም በእጇ ነው። ተመልሳ መጣችና ቦታዋ ላይ ተቀመጠች። የእትዬ ጥፍር መዳፌ ውስጥ ገብቶ ያመኛል፤ ዝጊው ግን አላሏትም።