ለሱሉልታ ዳገት የሚሆን መብራት

ሥራ የገባሁ ዕለት አምፖሉን በባዶ እጄ ያዝኩት። ባለሱቁ ሐጂ ከድር ከባንኮኒው ጀርባ ሆነው «ብርጭቆውን አትንኪ! ልቀቂ!» ብለው ጮኹብኝ። ደንግጬ ልለቀው ስል ደግሞ «አትልቀቂ! ብረቱን ያዢ!» አሉ። መልቀቁን ከመያዙ መለየት አቅቶኝ እንደ ሐውልት ቆምኩ።

እኔ ያኔ አምፖል ማለት ከጣራ ላይ የሚንጠለጠለው ብቻ ይመስለኝ ነበር። የመኪና የፊት መብራት አምፖል ግን የጣት ወዝ አይወድም። ወዝ የነካው ቦታ ሲግል ይቃጠላል፤ የገዛው ሰው በሳምንቱ ተመልሶ ይሰድብሻል። ሐጂ ይህንን አስረድተውኝ በመሐረባቸው ጫፍ ጠረጉትና ወደ ካርቶኑ መለሱት። «ነገም ነይ» አሉኝ። የተቀጠርኩት እንዲህ ነው።

ሱቁ አዲሱ ገበያ ነው፤ የሱሉልታ ታክሲዎች ከሚሰለፉበት ትንሽ ከፍ ብሎ። ሁለት ሰው ከገባበት ሦስተኛው ውጭ ይቆማል። ባለቤቴ ታሞ አልጋ ይዞ ነበር፤ ልጄ ሰሚር ገና አንደኛ ክፍል ነበር። እኔ የተማርኩት እስከ አራተኛ ነው። ቁጥር አነባለሁ፣ ስሜን እጽፋለሁ፣ በቃ። ሐጂ የባለቤቴ አገር ልጅ ስለሆኑ ለመጥረግና ለመላላክ አስገቡኝ።

የመጀመሪያው ትምህርታቸው «ዘይነባ፣ ካርቶኑ ላይ ያለው ቁጥር ጉልበት አይደለም፤ ቀለም ነው» የሚል ነበር። የተማሩት የቀለም ሙቀት ይሉታል፤ መለኪያው ኬልቪን ነው። ሦስት ሺህ የሚለው እንደ ቅቤ ቢጫ ነው። አራት ሺህ ሦስት መቶው ነጭ ሆኖ ትንሽ ቢጫ የነካው ነው። ስድስት ሺህ ወረቀት የመሰለ ነጭ፣ ስምንት ሺህ ወደ ሰማያዊ የሚሄድ። ቁጥሩ ሲጨምር ቀለሙ ይቀየራል እንጂ መብራቱ አይበረታም። ለዝናብና ለጉም ወደ ቢጫው ጠጋ በሉ፣ ለደረቅ የከተማ መንገድ ወደ ነጩ። ሙያው ይኸው ነው፤ አጭር ነው። ከባዱ ሰውን ማሳመን ነው።

ሹፌር መብራት የሚመርጠው በቀን ነው። አምፖሉን በባትሪ አብርተን ግድግዳ ላይ ስናሳየው ሰማያዊው ያምራል፤ ቢጫው ያረጀ ይመስላል።

«ማዘር፣ ስምንት ሺውን አድርጊልኝ።»

«የት ነው የምትሠራው?»

«ሱሉልታ።»

«ዳገቱ ላይ ጉም አለ እኮ። አራት ሺህ ሦስት መቶውን ውሰድ።»

«እንዴ ማዘር! ሙሉውን ስጪኝ ስልሽ ግማሹን?»

ረዳቱ ከኋላው «ከሱስ ኩራዝ አይሻልም?» ብሎ ይስቅብኛል። ተያይዘው ጎረቤታችን ወዳለው ሱቅ ይሄዳሉ።

ሐጂ እንዲህ ላሉት አንድ ዘዴ ነበራቸው። ሹፌሩን እስኪመሽ ያቆዩትና ልክ ለመግሪብ ሶላት ሱቁን ከመዝጋታቸው በፊት አንድ ጄሪካን ውሃ ከደጃፉ አስፋልት ላይ ይደፋሉ። ከዚያ ሁለቱንም አምፖሎች ወደ እርጥቡ ያበሩለታል። ሰማያዊው አስፋልቱ ውስጥ ገብቶ ይጠፋል። በቢጫው ጠጠሩ ሳይቀር ይቆጠራል። «አየህ ልጄ?» ይሉታል። አንዳንዱ ያያል። አንዳንዱ «ሐጂ፣ እኔ ውሃ ላይ አይደለም የምነዳው» ብሎ ይሄዳል።

የቦሎ ሰሞን ደግሞ ያስቀኝ ነበር። የዓመቱ ምርመራ ሲደርስ ሰማያዊ የገጠሙት ሁሉ «ማዘር፣ የድሮውን መልሺልኝ» እያሉ ይመጣሉ። የድሮውን ገጥመን፣ ግድግዳው ላይ በጠመኔ ባሰመርነው መስመር ከፍታውን አስተካክለን እንልካቸዋለን። ቦሎውን ለጥፈው በዚያው ቀን ይመለሱና ሰማያዊውን ያስገጥማሉ። አንዱን «ምነው፣ በዚህ አልፈህ የለም እንዴ?» ብዬ ጠየቅሁት። «ያ ለመንግሥት ነው፣ ይሄ ለኔ ነው» አለኝ። ያኔ ስቄያለሁ። አሁን አያስቀኝም።

ዓመታት ሄዱ። ከጠራጊነት ወደ ሻጭነት፣ ከዚያ ካቻቪቴና ፒንሳ ይዤ ወደ ገጣሚነት አለፍኩ። መጀመሪያ ላይ ሴት የሞተሩን ክዳን ከፍታ ስትገባ ሰው ቆሞ ያይ ነበር፤ በኋላ ተለመደ። ባለቤቴ አረፈ፣ አላህ ይማረው። ሐጂም ጉልበታቸው ከዳቸውና ሱቁን ለኔ ትተው ቤት ዋሉ።

ሰሚር ትምህርቱን አስረኛ ላይ ተወው። ረዳት ሆነ፤ ከዚያ መንጃ ፈቃድ አውጥቶ የጋሽ ታምራትን ሚኒባስ ሱሉልታ መሥመር ላይ ያዘ። ጋሽ ታምራት የሰፈራችን ሰው ናቸው፤ ቸርች ያገለግላሉ፣ ልጄን እንደ ልጃቸው ያዩታል። መኪናዋን መጀመሪያ ወደ እኔ ነው ያመጣት። አራት ሺህ ሦስት መቶ ገጠምኩለት፤ መስመሩን ደጋግሜ ለካሁ። ለማንም እንደዚያ ተጠንቅቄ ገጥሜ አላውቅም።

መጀመሪያ ደህና ሠራ። ባለፈው ክረምት መግቢያ ላይ ግን «እማ፣ መብራቱ አልበቃኝም» አለኝ።

ሦስት ሺውን አደረግሁለት። ተመልሶ መጣና «ይበታተናል» አለ። ወደ አራት ሺህ ሦስት መቶው መለስኩ፣ የመብራቱን መስታወት አሸሁ፣ ትንሽ ዝቅ አደረግሁት። «አሁንም ይበታተናል።» በመጨረሻ ስድስት ሺውን ሞከርኩ፤ ለዳገቱ ለሰው የማልመክረውን። «ይሄማ ባሰ» አለ። ሽቦውን ፈተሽኩ፣ ባትሪውን አስለካሁ። መኪናው ምንም የለበትም።

አንድ ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ጠቁሮ ሱቁ ጨለም ሲል አንዲት አምፖል አብርቼ ባንኮኒው ላይ አቆምኩለት።

«ይኸው፣ እያት። ምኗ ነው የሚበታተነው?»

ራሱን ወደ ቀኝ አዘነበለ። አንድ ዓይኑን ጨፈነ፣ ከፈተ፣ ሌላውን ጨፈነ።

«ስንት ነው ያበራሽው?» አለኝ።

«ላንተ ስንት ይታይሃል?»

«እ... አራት? አምስት? ደግሞ ጭራ አላቸው።»

አንዲት ነበረች።

በማግስቱ ዓይን ሐኪም ዘንድ ወሰድኩት። ሐኪሟ ወጣት ናት፣ ቀስ ብላ ነው የምታስረዳው። የዓይኑ ብሌን፣ ማለቴ ከፊት ያለው እንደ መስታወት የሆነው፣ ክብ መሆኑ ቀርቶ እየሾጠጠ ነው አለችኝ። ብርሃን ሲገባበት ይሰነጣጠቃል። ተራ መነጽር አያቀናውም። ሌላ ሰው ሲሞት በሚለግሰው ብሌን ይተካለታል፤ ግን ወረፋ አለው፣ ወረፋው ሩቅ ነው።

«መንዳትስ?» አልኳት።

«መብራት በሚበራበት ሰዓት በፍጹም፣ እናት።»

ሰሚር ይህ ሁሉ ሲነገር ስልኩን ይነካካ ነበር።

ከጳውሎስ ሆስፒታል ወጥተን ታክሲ ስንጠብቅ «ቀን ቀን ብቻ እነዳለሁ» አለኝ።

«ለጋሽ ታምራት ንገራቸው።»

«እማ፣ ነገርኳቸው ማለት ቁልፉን አስረከብኩ ማለት ነው። እኔ ሌላ ምን እችላለሁ? ንገሪኝ፣ ምን እችላለሁ?»

ታክሲው መጣና ገባን።

ዳገቱ ላይ በክረምት ቀን የሚባል ነገር የለም። በጠራራው ሰዓት ጉሙ ይወርድና መኪና ሁሉ መብራት ያበራል። ስለዚህ አንድ ዝናባማ ቀን ሱቁን ዘግቼ ተራው ሲደርስ ጋቢና ገባሁ። ሰሚር አየኝና ሞተሩን አስነሣ። ረዳቱ «ማዘር፣ ዛሬ ኮንትራት ያዝሽን እንዴ?» ብሎ ሳቀ።

ግማሽ መንገድ ላይ ጉሙ ዋጠን። የኛ መብራት አስፋልቱ ላይ በደንብ ተኝቷል። እንደገና የመለስኩለት አራት ሺህ ሦስት መቶው ነው፤ የገጠምኩት እኔ ነኝ፣ ጥሩ ነበር። ከፊታችን ግን ሰማያዊ መብራት የገጠመ መኪና መጣ። ጉሙ ሁሉ በራ፤ ረጅሙን መብራት እንኳ አላወረደልንም። ሰሚር ፍጥነቱን ቀንሶ የመንገዱን ጠርዝ ያዘና ፊቱን ወደ ጎን አዞረ።

«አለፈ?» አለ።

ረዳቱ ከኋላ «አለፈ» አለው።

ሌላ መጣ። «አለፈ?» «አለፈ።» ተሳፋሪው ምንም አልመሰለውም። አንዷ ልጇን ታጠባለች፤ አንዱ በስልክ ስለ ቆርቆሮ ይጨቃጨቃል። ለእነሱ የሹፌርና የረዳት ወሬ ነው። እኔ ግን ገባኝ። ይሄ ዛሬ የተጀመረ አይደለም። ሁለቱ ተነጋግረው፣ ተላምደው የሚሠሩበት ነው።

ትንሽ እንደሄድን ረዳቱ መውረጃዋ ካለፋት ሴትዮ ጋር ተከራከረ። ከፊት ሁለት መኪና ተደራርቦ ይመጣል፤ ሁለቱም ሰማያዊ። ሰሚር ጠራው፣ አልሰማውም። ያኔ ወደ እኔ ሳይዞር፣ ሌላ ሰው እንዳይሰማ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፦

«እማ፣ አለፈ?»

«አላለፈም» አልኩት። «አላለፈም... ቆይ፣ አንዱ ቀርቷል... አለፈ።»

ሱሉልታ ስንደርስ ተሳፋሪው ሁሉ ወርዶ እኔ ጋቢና ውስጥ ቀረሁ። ረዳቱ ደግፎ አወረደኝ። «ዳገቱ ነው ማዘር፣ ያዞራል» አለኝ።

ያን ቀን የሙያዬ ድንበር ታየኝ። ለልጄ መኪና የፈለግሁትን ቀለም ልምረጥ፤ እሱን የሚያሳውረው ከፊት የሚመጣው ነው። የሚመጣውን ደግሞ ሌላ ሰው በቀን፣ ግድግዳ ላይ አይቶ፣ አማረኝ ብሎ መርጦታል። እሱን ማስመለስ አልችልም። የልጄንም ዓይን መቀየር አልችልም።

ጋሽ ታምራትን ከጸሎት ሲመለሱ በራቸው ላይ ጠበቅኋቸው።

«ልጄን ከመኪናው ያውርዱልኝ» አልኳቸው።

«ምነው፣ አጠፋ እንዴ?»

«አያይም።»

ቁጭ አድርገው ሁሉንም አስነገሩኝ። ስጨርስ «ዘይነባ፣ እኔ ሌላ ሹፌር አገኛለሁ። አንቺ ግን ልጅሽ ይጠላሻል። አስበሽበታል?» አሉኝ።

«ባስብበት ኖሮ አልመጣም ነበር።»

«ጌታ ይርዳሽ» አሉኝ። ቁልፉን በዚያው ቀን ተቀበሉት። ሌላ ሥራ እንፈልግልሃለን ብለውትም ነበር፤ ቆሞ አልሰማቸውም።

ሰሚር ሱቅ መጣ። ይጮኻል ብዬ ነበር፣ አልጮኸም። ደንበኛ እስኪወጣ ጠብቆ «እናቴ ነሽ ወይስ ትራፊክ?» አለኝ።

«እናትህ ነኝ።»

«ትራፊክ ይሻል ነበር። ቀጥቶ ይለቃል።»

ልብሱን ከቤት ወስዶ ጓደኛው ዘንድ ገባ።

እኔ ቢያንስ ከመሪ ላይ ወረደ ብዬ ነበር። ጥቂት ቆይቶ አንድ ደንበኛዬ «ማዘር፣ ልጅሽን ሸጎሌ መሥመር ላይ አየሁት፣ አዲስ መኪና ይዟል» አለኝ፤ ደስ ሊያሰኘኝ ነው። የመኪናውን ባለቤት አላውቀውም። ስለ ዓይኑ እንዳልነገረው ግን አውቃለሁ። አሁን ምን መብራት እንደገጠሙለት አላውቅም። አጠገቡ «አለፈ» የሚለው ልጅ ይኑር አይኑር አላውቅም። ስደውል ያነሣል። «ደህና ነኝ እማ፣ እየነዳሁ ነው» ይላል፣ ይዘጋል። እኔም ስልኩን እንደያዝኩ እቀራለሁ። በማላውቀው ቁጥር ከተደወለልኝ ሱቅ ውስጥ ላለ ሰው እንዲያነሣልኝ እሰጣለሁ።

ይሄኛውንስ ባለቤት ፈልጌ ልንገረው? ብነግረው ሰሚር ሦስተኛ መኪና ይፈልጋል። ያኔ ስልኬንም አያነሣም። ይሄንን ሳወጣና ሳወርድ ነው የምውለው፤ እስካሁን አልነገርኩም። ይሁን ብዬም አልተውኩትም።

ሥራዬን እየሠራሁ ነው። ዛሬም «ስምንት ሺውን አድርጊልኝ» የሚል መጥቶ ነበር። የለኝም አልኩት፤ ከጎረቤት ገዝቶ ሄደ። ከሱቄ ደጃፍ ሲነሣ ወደ ሸጎሌ ነው የታጠፈው።

በዚህ ሥራ ላይ ላላችሁ ልጆች የምለው አንድ ነገር ነው። ሽቦው ደህና፣ ባትሪው ደህና፣ መስመሩ የተስተካከለ ሆኖ ሹፌሩ ቀለም ቀያይሮ አሁንም አልበቃኝም ካለ፣ ሌላ ቀለም አትሽጡለት። ዓይን ሐኪም ዘንድ ላኩት። አይሄድም። ቢሆንም ላኩት።