ስምንት ዋስ ለአንድ ሚኒባስ

ወንድሜ የሰው ሚኒባስ ሲነዳ ፀጉሩ ገብስማ ሆነ። ከጎንደር ደባርቅ፣ መንገዱ ሰላም በሆነ ሰሞን ደግሞ እስከ ድብ ባሕር ይመላለሳል። የመኪናው ባለቤት ጎንደር ገበያ ውስጥ ጨርቅ የሚነግዱ ሐጂ ናቸው። ባለፈው ክረምት ሱቃቸውን ለማስፋት ሚኒባሱን ሊሸጡት ወሰኑ። ጥሬ ገንዘብ የያዘ ገዢ ከባሕር ዳር መጥቶላቸው ነበር። እሳቸው ግን ወንድሜን አስጠርተው፣ ቅድሚያው ያንተ ነው፣ እስከ መስቀል እጠብቅሃለሁ አሉት። እስከዚያ ገንዘቡ ካልተገኘ መኪናው ባሕር ዳር ይገባል፤ ወንድሜም ከነመንጃ ፈቃዱ ቤት ይቀመጣል።

ከእቁብ ያጠራቀመው የዋጋውን ግማሽ ያህል ነበር። የቀረውን መበደር ግድ ሆነ። ስለ ብድርና ቁጠባ ለዓመታት ስለዘገብኩ ነገሩን ለእኔ ተወው። ሁለት አበዳሪዎች ዘንድ ሄድን። የመጀመሪያው ወርኃዊ ክፍያው ትንሽ ስለሆነ ወንድሜ ወዲያው ወደደው። እስክሪብቶ አንስቼ እስከ መጨረሻው የሚከፍለውን ደምሬ አሳየሁት። ወለዱ የሚታሰበው መጀመሪያ በተበደረው ሙሉ ገንዘብ ላይ ስለነበረ፣ ከፍሎ በጨረሰው ላይ ሳይቀር ወለድ ይከፍላል። ሁለተኛው ዘንድ ወርኃዊ ክፍያው ከፍ ይላል፤ ወለዱ ግን በቀሪው ዕዳ ላይ ብቻ ስለሚሰላ በድምሩ ይረክሳል። ወንድሜ፣ ምነው ይህን በግልጽ አይናገሩም አለ። ሲጠየቁ ይናገራሉ አልኩት።

ሁለተኛው ተቋም ደመወዝተኛ የሆኑ ሁለት ዋሶች ጠየቀ። አንዱ እኔ ነኝ። ሁለተኛውን ዋስ ለማግኘት ወንድሜ ያን ቀን ማታ ድብ ባሕር ላለው አጎታችን ደወለለትና ዋስ ያስፈልገኛል አለው። ስለ ደመወዝ አልነገረውም።

በማግስቱ የብድር ሠራተኛዋ፣ ፈገግታ የማይለያት ወጣት፣ የወንድሜን የብድር ታሪክ ተመለከተች። እሱ ደረቱን ነፍቶ ተቀምጧል። በዕድሜው ከማንም ተበድሮ ስለማያውቅ ምስጋና ነበር የሚጠብቀው። ራሱ እንዳልተበደረ አረጋገጠችለት። ነገር ግን ከዓመታት በፊት ለአንድ የውኃ መሳቢያ ሞተር ግዢ ዋስ ሆኖ ነበር፤ የዚያ ብድር ቀሪ ዕዳ አልተከፈለም። ያ ሳይዘጋ ለእሱ ብድር አይፈቀድም።

የማን ሞተር እንደሆነ ወንድሜ ወዲያው ገባው። ድብ ባሕር ውስጥ እንደ ታናሽ ወንድም የሚያየው ገበሬ ጓደኛ አለው። ያ ሰው በመስኖ ሽንኩርት ሊያለማ ሞተር በብድር ገዝቶ፣ ወንዙ ቢደርቅበት መክፈል አቃተው፤ አበዳሪዎቹም ሞተሩን ወሰዱት። ሁላችንም ነገሩ በዚያው ያለቀ መስሎን ነበር።

ከቢሮው እንደወጣን ደውልለት አልኩት። እንቢ አለ። በእኛ አገር ዋስ የሆነ ሰው ዋስትናውን ለባለ ዕዳው አንስቶ ማስታወስ እንደ ነውር ይቆጠራል።

«ስሜን አበላሸኸው ልበለው? ማኪናው ይቅርብኝ።»

ቀሪው ብዙ ስላልሆነ እኔ ልክፈለው አልኩ። እሱም አይሆንም፤ አንተ ከከፈልክለት ነገ በምን ዓይኑ ያየናል ብሎ ተቆጣኝ። ለማንም እንዳልናገር በእናታችን አስማለኝ። ሐጂ ዘንድ ሄዶ መኪናውን ይሽጡት ሊላቸውም አሰበ። በዚህ ሁሉ መሀል ለአጎታችን መልሶ መደወሉን ረሳው።

ሰኞ ጠዋት ወንድሜ ከአበዳሪው ደጃፍ ደወለልኝ። ቶሎ ና ብቻ ነበር ያለው። ስደርስ ከድብ ባሕር የመጡ ስምንት ሰዎች ጋቢያቸውን ተከናንበው የእንግዳ ማረፊያውን ወንበር ሁሉ ይዘዋል። ሌላው ደንበኛ ሁሉ ቆሟል። አጎታችን ለሠራተኛዋ ጉዳዩን ያስረዳል።

«ልጄ፣ ለበግ አንድ ዋስ ይበቃል። ለማኪና ግን በአንድ ሰው መምጣት እናንተን መናቅ ነው ብለን ነው።»

እሷ በአክብሮት፣ አባቶች፣ ዋስ የሚሆነው የወር ደመወዝ ያለው ነው አለች።

«የደመወዝተኛ ገንዘብ ወሩ ሳይደርስ ያልቃል። እኛ በሬ አለን።»

ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እሷም ሳቀች። ከረድፉ ጫፍ የተቀመጠው፣ ከስምንቱ በዕድሜ የሚያንሰው፣ ያው ባለ ሞተሩ ነበር። ዋስ ተፈልጓል ሲባል ሰምቶ ቀድሞ የተነሳው እሱ እንደሆነ አጎታችን በኋላ ነግሮኛል። ወንድሜ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሏል።

ባለ ሞተሩ ብድሩ ለምን እንደዘገየ ጠየቀ። ሠራተኛዋ ወንድሜን አየችውና፣ ሌላ ሳትጨምር፣ ዋስ የሆነበት ያልተከፈለ ዕዳ አለ አለች።

«ማን ነው ይሄ ውለታ ቢስ? አያ፣ ስሙን ንገረን፤ ተጠርቶ ይምጣና ይዳኝ» አለ ባለ ሞተሩ።

ወንድሜ አሳለና በሉ እንሂድ አለ። አጎታችን ተናገር አለው። እሱ ወደ በሩ ዞረ። እኔም እንዳልናገር ምያለሁ። ባለ ሞተሩ ወንድሜን ትኩር ብሎ አየውና ድምፁ ዝቅ አለ።

«አያ፣ አንተ ከእኔ በቀር ለማን ዋስ ሆነህ ታውቃለህ?»

ሞተሩን ወስደውታል እኮ አለ፣ ለራሱ እንደሚናገር። ሠራተኛዋ ሞተሩ ሲሸጥ ዕዳውን ሁሉ እንዳልሸፈነ አስረዳችው። ይህን የነገረው ሰው አልነበረም።

ሽማግሌዎቹ ተነሥተው ግቢው ውስጥ ካለው ዛፍ ሥር ክብ ሠሩ። ዋስ ሊሆኑ የመጡ ሰዎች በዚያው ዳኛ ሆኑ። ባለ ሞተሩ ወንድሜን፣ እያወቅህ እንዴት ዝም ትለኛለህ ብሎ ወቀሰው።

«አንተስ ብትሆን ትነግረኝ ነበር?»

ባለ ሞተሩ ጥቂት አሰበና፣ «አልነግርህም» አለ። ዳኞቹ በሳቅ ፈረሱ። ነገሩ ሸጋ ሆኖ አለቀ፤ ለመስቀል የከብት ዋጋ ስለሚወጣ ባለ ሞተሩ አንድ ወይፈን ደባርቅ ገበያ አውጥቶ እንዲሸጥ ተስማሙ።

ወይፈኑ ተሸጠ፣ ዕዳው ተዘጋ። የመዝጊያ ደብዳቤውን ራሴ ይዤ ሄድኩ፤ እንዲህ ያለውን ነገር ይደርሳል ብሎ መተው ልማዴ አይደለም። ሁለተኛዋ ዋስ መምህርት የሆነችው የአጎታችን ልጅ ሆነች። ብድሩ የተፈቀደው ለደመራ ችቦ መሸጥ በጀመረበት ሳምንት ነው። ሊብሬው ብድሩ እስኪያልቅ አበዳሪው እጅ ይቆያል። ሐጂ ቁልፉን ሲሰጡት፣ እስካሁን የኔን መኪና በጥንቃቄ ስትነዳ አይቼሃለሁ፣ ያንተን እንዴት እንደምትነዳ ደግሞ እናያለን አሉት።

ከመስቀል በኋላ አብሬው ወደ ድብ ባሕር ወረድኩ። ደባርቅ ላይ ባለ ሞተሩ ከገበያ ሲመለስ ተሳፈረና የታሪፉን ብር ዘረጋ። ወንድሜ እጁን ገፋው።

«ተው አያ፣ ሌላ ዕዳ አታሸክመኝ» አለ ባለ ሞተሩ።

ወንድሜ ብሩን ተቀበለና መልሱን ቆጥሮ ሰጠው።