ከእናቴ የመልስ ቀሚስ የተሰፋው

ልጅ እያለሁ፣ አሜሪካ፣ ሴንት ፖል ከተማ፣ ፍሮግታውን የሚባል ሰፈር አራተኛ ክፍል ስማር፣ ለአንድ ጠዋት የእንግሊዝ ባላባት ሆኜ አውቃለሁ። ትናንት ኮሎምቢያ ሃይትስ በሚገኘው የእናቴ ቤት፣ ልጄ ቁም ሳጥን ስትበረብር ያን ጠዋት የለበስኩትን ቀሚስ ጎትታ ባታወጣው ኖሮ ጉዴን ይዤው እኖር ነበር።

ትምህርት ቤታችን በየዓመቱ አንድ ዝግጅት ነበረው። እያንዳንዱ ልጅ የአንድ ሰው ታሪክ አንብቦ፣ እንደዚያ ሰው ለብሶ፣ በስፖርት አዳራሹ በጂሙ ውስጥ ሐውልት መስሎ ይቆማል። እግሩ ሥር ክብ ቀይ ወረቀት ይለጠፋል፤ እንግዳ ሲረግጠው ልጁ "እኔ እገሌ ነኝ" ብሎ መናገር ይጀምራል።

እኔ የላይብረሪ መጽሐፍ ሽፋን ላይ ያየኋትን አንዲት እንግሊዛዊት ሌዲ መረጥኩ፤ ለቀሚሷ ስል። ከአባቷ ትልቅ ግንብ ቤትና ሩቅ ደሴት ላይ ያለ የሸንኮራ እርሻ ወርሳለች፤ በሰረገላ ትሄዳለች፤ ለድሆች ትመጸውታለች። አንድ ገጽ ላይ ግን የእርሻዋ ባሪያዎች ስም ከነዕድሜያቸው ተደርድሯል። ከእኔ የሚያንሱ ልጆችም ነበሩበት። ደግሜ አነበብኩት፤ ከዚያ አለፍኩት። እሱን ከተናገርኩ ቀሚሱ የሚያምርብኝ አልመሰለኝም።

እናቴ ያኔ እንግሊዝኛ አታነብም ነበር። ምን ዓይነት ሴት ናት ስትለኝ ደግ ሴትዮ ናት አልኳት። የመልሷን ቀሚስ ከሻንጣ አውጥታ መቀስ አነሳች። ቤቱ ናፍታሊን ናፍታሊን ሸተተ። ሸማውን ሸንሽና ጉርድ አደረገችው፤ ጥበቡን ለአንገትጌ አዋለችው።

በዕለቱ ጂሙ ውስጥ የፖፕኮርን ሽታ ነበር። እናቴ ቃሉ ባይገባትም ወረቀቱን አራት ጊዜ እየረገጠች አራት ጊዜ አስለፈለፈችኝ። ቀጥሎ የጓደኛዬ የጃዳ አያት መጡ፤ ሴንት ፖል ተወልደው ያረጁ ጥቁር አሜሪካዊት፣ ለጃዳ የገዙትን ከረሜላ እኔንም የማይነፍጉኝ ሰው። እስክጨርስ አዳምጠው ጎንበስ አሉና እርሻው ላይ ማን ነበር የሚሠራልሽ ብለው ጠየቁኝ።

"ሠራተኞች ነበሩኝ። በጣም ይወዱኝ ነበር" አልኩ።

ያ ገጽ ዓይኔ ላይ ነበር። አልተቆጡኝም። የተጣጠፈ አንገትጌዬን አቃንተው፣ ቀሚስሽ ያምራል፣ እናትሽ ባለሙያ ናት ብለውኝ ሄዱ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። እናቴ ምን አሉሽ ስትለኝ የነገርኳት ስለ ቀሚሱ ያሉትን ብቻ ነው። እሷም ለዓመታት ቸርች ውስጥ ላገኘችው ሁሉ ይህን ሙገሳ ስታወራው አጠገቧ ቆሜ እሰማ ነበር።

ትናንት ልጄ ቀሚሱን ደረቴ ላይ ለክታ፣ ከአያቷ እንደሰማችው ምንጣፉን በእግሯ ረገጠችና "ሁ አር ዩ?" ብላ ማንነቴን ጠየቀችኝ። ማስመሰል አቃተኝ። ያለፍኩትን ገጽ፣ የጃዳን አያት ጥያቄ፣ የራሴንም መልስ ለእሷም ለእናቴም በአማርኛ ነገርኳቸው።

"ማሚ፣ ዩ ላይድ?" አለች ልጄ፤ ዋሸሽ ወይ ማለቷ ነው።

እናቴ ጥበቡን በጣቷ ስትዳብስ ቆየች። "ያኔ ብትነግሪኝ እኮ አልቆርጠውም ነበር።"

ያኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ እናቴም ከመጽሐፍ አነበብኩ ያልኳትን ሁሉ ታምን ነበር። ዛሬ ልጄ የትምህርት ቤት መጽሐፏን ስታነብልኝ፣ የዘለለችው ይኖር ይሆን ብዬ ገጹን አያለሁ። ይቅርታ የምጠይቃቸው የጃዳ አያት ካረፉ ቆይተዋል። እናቴ ቀሚሱን አጥፋ ወደ ቁም ሳጥኑ መለሰችው። ከእንግዲህ ቸርች ውስጥ ለማንም አታወራውም።