ናይሮቢ ያልደረሰችው ብልቃጥ

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለነፍስ አባቴ እንኳ ሌላ ሌላውን እየተናዘዝኩ ይህን እዘለው ነበር። የፊደል ዕውቀቴ ትንሽ ነው፤ ስታነቡት ታገሡኝ።

ሚስቴ አስካለ ጡቷ ላይ እብጠት ወጣባት። እዚሁ በኬንያዋ ሞያሌ ሐኪሙ፣ ዳክታሪው የምንለው፣ ከእብጠቱ ቆንጥሮ ብልቃጥ ውስጥ ከተተና ለእኔ ሰጠኝ። «ምዜ፣ ይቺ ዛሬውኑ በአውቶቡስ ናይሮቢ ትሂድ» አለኝ፤ ምዜ የሚለኝ ሽማግሌ ስለሆንኩ ነው። «ካንሰር ሁሉ አንድ አይደለም። እዚያ ሥጋው ውስጥ ምልክት ይፈልጋሉ፤ የትኛው መድኃኒት እንደሚሠራላት የሚነግረን ያ ምልክት ነው።» ገብቶኛል። አልገባኝም ነበር ብዬ አልዋሽም።

መናኸሪያ ስደርስ ማካንጋው፣ የአውቶቡሱ ረዳት ማለቴ ነው፣ ጭነት ሲወረውር አየሁት። የአስካለን ሥጋ ከፍየል ቆዳ ጋር ሊጭናት ነው? የአባቴ እግር የተቆረጠ ጊዜ በነጭ ጨርቅ ገንዘን ቀብረነዋል። የክርስቲያን ሥጋ አፈር ይገባል እንጂ በየአገሩ አይንከራተትም። በትንሣኤስ ጎደሎ ሆና ትነሣ? ይህን አሰብኩና ማንንም ሳልጠይቅ ብልቃጧን ቡቲዬ መንደር ወስጄ ቀበርኳት። እኔ ቆፈርኩ፤ እኔ አፈር መለስኩ። ቤት ገብቼም «ልኬዋለሁ» አልኩ። እኔው ነኝ ያልኩት።

አስካለ ስልክ በጮኸ ቁጥር «መልስ መጣ እንዴ?» ትላለች።

«አልመጣም።»

«ያ ማካንጋ ጥሎት ይሆናል! እሱ እንኳን ብልቃጥ፣ እናቱንም ጭኖ ማውረድ ይረሳል» ብላ ትስቃለች።

እኔም አብሬ ሳቅሁ። ንጹሕ ሰው በእኔ ጥፋት ሲታማ ሳቅሁ።

መልሱ ሲቀር ዳክታሪው እንደገና እንቁረጥ አለ። እዚያ ላይ እውነቱን ብናገር ምን ነበረበት? እኔ ግን ጮኽሁበት፤ «የመጀመሪያውን የት አደረሳችሁት? ሁለተኛ አትነኳትም!» አልኩ። የቀበርኩት እኔ፣ የት አለ ባዩም እኔ። አስካለ «እሱ ካለ ይቅር» አለች። አምናኝ ነው።

በግምት መድኃኒት ጀመሩላት። ጠጉሯ ረገፈ፤ ትውከት አደከማት፤ እብጠቱ ግን አልበገር ብሎ አጥንቷ ውስጥ ገባ። ልትሞት ሰሞን እጄን ይዛ «አንተ የቻልከውን አድርገሃል» አለችኝ። ያኔም እውነቱን አልነገርኳትም። ለምን? አሳዝናኝ? አይደለም። እንዳትጠላኝ ፈርቼ ነው።

ከቀብሯ በኋላ ዳክታሪውን ጠየቅሁት። «ምልክቱ ቢታይ ኖሮ ትድን ነበር?»

«ሳላየው ምን እላለሁ፣ ምዜ?» አለኝ።

ምናልባት የሚያድናት መድኃኒት ነበረ፤ ምናልባትም አልነበረም። ይህን ዛሬ የሚያውቅ የለም። እንዳይታወቅ ያደረግሁት እኔ ነኝ። ወግ ነው ብዬ ከኋላው አልደበቅም፤ ወጉ ቅበር ቢለኝ እንኳ ዋሽ አላለኝም። ከእናንተም ይቅርታ አልለምንም። ማሪኝ የምላት ሞታለች።