ፀሐይ በሜትር

ዕድሜዬን የፈጀሁት የፀሐይን ብርሃን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጥ ስስ ፕላስቲክ ቶሎ እንዳይበላሽ ስመራመር ነው። ባለፈው ወር መርካቶ ውስጥ ከድር የተባለ የጨርቅ ነጋዴ ያንኑ ፕላስቲክ እንደ አቡጀዲ በሜትር እየለካ፣ በመቀስ እየቆረጠ ሲሸጥ አገኘሁት።

«አንተ ሰው፣ ዳር ዳሩ የታሸገው አየር እንዳይገባበት ነው! አየር ይገድለዋል» ብዬ ገሠጽኩት።

«አየር ይገድለዋል?» አለ መቀሱን አስቀምጦ። ከተማሪዎቼ እንኳ እንዲህ በጥሞና ያዳመጠኝ አልነበረም፤ ደስ ብሎኝ ሄድኩ።

ትናንት በዚያው ሳልፍ፣ አትክልት የምትቸረችር ሴት የጉሊቷን መብራት እንዲያበራላት የገዛችው ቁራጭ አልሠራ ብሏት «ለውጥልኝ» ትለዋለች።

«ደጅ አስጥተሽ፣ አየር አስመትተሽ ራስሽ ገድለሽው!»

«ታዲያ ፀሐይዋን ቤቴ ላስገባት?»

ከድር ድንገት አየኝ። «ይኸው ፕሮፌሰሩ ራሳቸው መጡ! ጋሼ፣ በእውነት ይመስክሩ፤ አየር አይገድለውም?»

«ይገድለዋል፤ ነገር ግን መቀሱ...» ብዬ ሳልጨርስ ከድር እጄን ይዞ ወንበር ላይ አስቀመጠኝ።

ሴትዮዋ ከእግር እስከ ራስ ቃኘችኝ።

«ለመሆኑ ለምስክርነትዎ በሜትር ስንት ያስብልዎታል?»