ስልሳ አራቱ ሜትር

የምሠራበት ቢሮ ኮንቴይነር ነው። መስኮቱን የቆረጠው በያጅ ከፍ አድርጎ ስለቆረጠው፣ ቁጭ ስል የሚታየኝ የማንጎ ዛፍ ጫፍ ብቻ ነው። ፊት ለፊቴ ኮምፒውተሩ፣ በኮምፒውተሩ ውስጥ የስዕል ሉሁ፣ በሉሁ ዙሪያ ጥቁር ክፈፍ። ሳጥን በሳጥን ነው ኑሮዬ።

የስዕል ሶፍትዌሩን ለራሴ ያስተማርኩት አሶሳ ከተማ ፎቶ ኮፒ ቤት ስሠራ ነው። ደንበኞች ረስተውት የሄዱትን የቤት ፕላን እያየሁ፣ መስመር በመስመር እየቀዳሁ። በዚያው ወደ ውሃ ፕሮጀክቱ ገባሁና የቧንቧ አይሶሜትሪክ ሠሪ ሆንኩ፤ ቧንቧው በየት ገብቶ፣ በየት ታጥፎ፣ በየት ሽቅብ እንደሚወጣ በአንድ ስዕል የሚያሳይ ማለት ነው። ሁለት ዓመት ስስል፣ እናንተዬ፣ ከሳልኳቸው አንዱ እንኳ ሲገጠም አላየሁም።

አለቃችንን ለመንኩት።

«ኢንጂነር፣ አንድ ቀን እኔም ከገጣጣሚዎቹ መኪና ጋር ልሂድ።»

«የፓምፕ ቤቱን ስዕል ጨርሺና ዓርብ ጠዋት ትሄጃለሽ። ግን አንድ የቧንቧ መስመር፣ አንድ ሉህ! የተቆራረጠ ስዕል ተከላው ቦታ ባምባሲ ድረስ አልልክም።»

ይኸውላችሁ፣ ያ ስዕል አሰረኝ። ቧንቧው ስልሳ አራት ሜትር ቀጥ ብሎ ይሄድና ፓምፑ ጋ ሲደርስ መታጠፊያውም ቫልቩም አንድ ላይ ይታጨቃል። ሙሉውን ሉሁ ውስጥ ሳስገባ ቫልቮቹ የጤፍ ፍሬ ያክላሉ። እንዲነበቡ ሳሳድጋቸው ቧንቧው ክፈፉን ጥሶ ይወጣል። ባዞረው የዕቃ ዝርዝሩ ላይ ይተኛል። ሰኞ እንዲህ፣ ማክሰኞ እንዲህ፣ ረቡዕም እንዲሁ። ዝናቡ ጣሪያውን ይደበድባል፣ እኔ ማውሱን።

ሐሙስ ከሰዓት የቧንቧ ገጣጣሚው መጡ። ዕድሜያቸው የገፋ የአሶሳ ሰው ናቸው፤ አማርኛን በኋላ ስለለመዱት ለእኔም ለሚስታቸውም «አንተ» ነው የሚሉት፤ እኔም ወድጄላቸዋለሁ።

«ልጄ፣ ስዕል የታለ? ነገ መኪና ይሄዳል።»

«አልገባ አለኝ፣ አባባ። እስቲ ይዩት።»

አፍንጫቸው ስክሪኑን ሊነካ ደረሰ። «ወላሂ፣ ይሄ ቫልቭ ነው ወይስ ቁንጫ?»

ሳቄም እንባዬም አንድ ላይ መጣ። «ስልሳ አራት ሜትር እኮ ነው! የት ላድርገው?»

«አንተ በርዝመቱ ልክ ነው የሳልከው?»

«በልክ ነዋ! በምን ልሳለው?»

«እኔ ስዕል በማስመሪያ ለክቼ ነው እንዴ ብረት የምቆርጠው? ቁጥር ነው የማነበው። ስልሳ አራት ብለህ ጻፍ፣ ቧንቧውን አሳጥር። መሃሉን ቁረጥ፣ ሁለት ትንሽ ጭረት አድርግ። አንጀት አይደለም፣ አይሞትም!»

ክው አልኩ። እስከዚያ የሳልኳቸው አጫጭር ስለነበሩ በልካቸው ገብተውልኛል። የቤት ፕላን ያስተማረኝን በልክ የመሳል ደንብ፣ ማንም ሳያዘኝ ሁለት ዓመት ተሸክሜዋለሁ። ብቻውን የተማረ ሰው ስህተቱንም ተጠንቅቆ ነው የሚያጠናው።

ቧንቧውን ቆረጥኩት። ግማሽ ሰዓት አልፈጀም። ቫልቮቹ ተነበቡ፤ ዙሪያውን ነጭ ወረቀት ተረፈ።

ኢንጂነሩ ሲያየው ፊቱ በራ። «እንዲህ ነው እንጂ! የቀሩትን ሰባት መስመሮችም እንዲሁ አድርጊልኝ። ከነገ ጀምሮ በየቀኑ አንድ ይፈለጋል።»

«ዓርብስ፣ ኢንጂነር?»

«መኪና መቼም አይጠፋም፣ እህቴ።»

ዓርብ ጠዋት ሉሁ በላስቲክ ተጠቅልሎ ጋቢና ገባ። እኔ የሞተሩን ድምፅ ሰማሁ፤ የማንጎውን ጫፍ አየሁ።

በሳምንቱ አባባ ሉሁን መለሱልኝ። አራት ቦታ ታጥፏል፣ ጭቃ ነክቶታል፤ በእያንዳንዱ ቫልቭ አጠገብ የእርሳስ ምልክት አለ።

«ሁሉም ገባ፣ ልጄ። ነገርኩህ አይደል?»

ሉሁን ስዘረጋው ቀይ አፈር ኪቦርዱ ላይ ረገፈ። አልጠረግኩትም። ስድስተኛውን መስመር ከፈትኩ።