ያልቀመስኩት ውሃ

ሐምሌ 1963 ዓ.ም.፣ ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ የእንጨት መቅረጫው ማንድሪኖ ቆመ። ቀስ እያለ አልነበረም፤ አንድ ጊዜ ጮኸና ያዘ።

ማንድሪኖ የምንለው ሞተሩና ዘንጉ በአንድ ክብ ብረት ውስጥ የተገጠሙበትን ክፍል ነው። ጫፉ ላይ መቁረጫ ይታሰራል። በጣም ስለሚፈጥን ይግላል፤ ስለዚህ በዙሪያው ውሃ እንዲዞር ተደርጎ ተሠርቷል። በአሰብ ሐምሌ ያለ ውሃ አሥር ደቂቃ አይቆይም።

እኔ ወደ ኦፊቺናው፣ ወደ እንጨት ሥራው ወርክሾፕ፣ የገባሁት ከዚያ ሦስት ሳምንት በፊት ነበር። ስድስት ዓመት በአሰብና በአዲስ አበባ መንገድ የከባድ መኪና መካኒክ ሆኜ ሠርቻለሁ። በመጀመሪያው ቀን የኦፊቺናው ኃላፊ ካፖ ብሩኖ አዲሱን ማንድሪኖ ከነሣጥኑ ሰጠኝና "ግጠመው" አለኝ። ማሽኑ ላይ ክቡን ብረት ዙሪያውን በሚይዘው ማቀፊያ ውስጥ አስገባሁት። አራቱን ቡሎኖች አጠበቅኩ። ከዚያ እንደ ልማዴ መፍቻው ላይ የቧንቧ ቁራጭ ሰክቼ በሙሉ ክብደቴ ተጫንኩት። መንገድ ላይ የጎማ ዳዶ የምናጠብቀው እንደዚያ ነው። ላልቶ የቀረ ዳዶ ሰው ይገድላል።

ሐመዱ ከውሃው በርሜል አጠገብ ሆኖ ያየኝ ነበር።

"አንተ የመኪና ሰው፣ ይሄ ነገር ጭነት ይዞ ደሴ ሊወጣ ነው እንዴ?" አለ።

ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅኩ።

ሐመዱ የደባይሲማ አፋር ነው፤ በዕድሜ ይበልጠኛል። በአማርኛው ካፖውንም እኔንም "አንተ" ነበር የሚለን። ሥራው ውሃው ነው። በቦቴ የሚመጣውን ጣፋጭ ውሃ በርሜል ይሞላል፣ በርሜሉን በእርጥብ ጆንያ ይጠቀልላል፣ ፓምፑን ያስነሳል። የጉድጓዱ ውሃ ጨዋማ ስለሆነና ጨው ብረት ስለሚበላ ለእጅ መታጠቢያ ብቻ ነበር። ሐመዱ እያንዳንዱን በርሜል በመዳፉ ጨልፎ ሳይቀምስ የፓምፑን ላስቲክ አይሰካም።

ማንድሪኖው የቆመ ቀን ካፖ ብሩኖ መጣ። ዘንጉ የሚሽከረከርበት ኩሽኔታ ተቃጥሏል፤ ሽታው ከበር ይሰማል።

"ምን ሆኖ ነው?"

"ውሃው ይመስለኛል" አልኩ።

"ይመስልሃል ወይስ ነው?"

"ነው።"

"ጻፈው።"

ሐመዱ ከበርሜሉ በጣሳ ውሃ ቀድቶ አጠገቤ ቆመ።

"ቅመስ" አለኝ።

"ጋሽ ሐመዱ፣ አሁን ሥራ ላይ ነኝ።"

"አንድ ጉንጭ ነው። ቅመስና ያሻህን ጻፍ።"

ካፖው እየጠበቀ ነበር። ጣሳውን በእጄ ገፋሁት። የብልሽት ወረቀቱ ላይ "ምክንያት፦ የጨው ውሃ" ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ። ሐመዱ በዚያው ሳምንት ከኦፊቺናው ወጥቶ ወደብ ላይ የጨው ጆንያ እንዲሸከም ተመደበ።

ሁለተኛው ማንድሪኖ በመርከብ የመጣው ጥር ላይ ነው። እንደ መጀመሪያው ገጠምኩት፤ ቧንቧውንም ሰካሁ። ፓምፑ ገና አልተነሳም። መቁረጫውን ላስር ዘንጉን በጣቴ ባዞረው እምቢ አለ። ቡሎኖቹን አላላሁ፤ ዞረ። አጠበቅኩ፤ ያዘ። ሦስት ጊዜ ደጋገምኩት። ክቡ ብረት በጉልበት ሲታቀፍ ይጨመቃል፤ ሲጨመቅ ውስጡ ያለውን ኩሽኔታ ይጨብጠዋል። ሞተሩ በጉልበቱ ለጥቂት ሳምንት ቢያዞረውም፣ ውሃ ቢዞርለትም ባይዞርለትም ይቃጠላል።

ለካፖው ነገርኩት። በሩን ዘጋ።

"ውሃ ነው ብለህ ፈርመሃል። ይሄኛው የታዘዘው በዚያ ወረቀት ነው። እኔ ነኝ ያበላሸሁት ብለህ ጻፍና ነገ ወደ መኪናህ ተመለስ።"

ባለቤቴ ልትወልድ ሳምንታት ቀርተዋት ነበር። አልጻፍኩም፤ ሁለተኛውን ግን ያለ ቧንቧ፣ በአጭር መፍቻ አጥብቄ ገጠምኩት።

በማግስቱ ምሳ ሰዓት ወደቡ ሄድኩ። ሐመዱ ከጆንያ ክምር ጥላ ሥር ተቀምጧል። ትከሻው በጨው ተቆራርጦ ቆስሏል።

"ማቀፊያው ነው፣ ጋሼ። ያጠበቅኩት እኔ ነኝ። ውሃው ደህና ነበር" አልኩት።

"ለእኔ ነው የምትነግረኝ?" አለ። "እኔ ቀምሼዋለሁ። ሂድ ለወረቀቱ ንገረው።"

ከፋሲካ በፊት ሥራውን ትቶ ወደ ደባይሲማ መሄዱን ሰማሁ። በዚያ በኩል በሚያልፉ ሾፌሮች ሁለት ጊዜ ሰላምታ ላክሁ። አንዱ እንዳደረሰ ነገረኝ። መልስ አልመጣም።

ማንድሪኖ የምትገጥሙ ሁሉ፣ ቡሎኑን በአጭር መፍቻ አጥብቁ፤ ቧንቧ አትጨምሩ። ከዚያ ዘንጉን በጣት አዙሩ። ከያዘ አላሉት። ምክንያቱን ያላያችሁትን ብልሽት "አላወቅኩም" ብላችሁ ጻፉ።

ሁለተኛው ማንድሪኖ በ1966 ከአሰብ እስክወጣ ድረስ ሠርቷል። ውሃው ከዚያው ቦቴ፣ በዚያው በርሜል ነበር።